ፊቱ ወደ በቅሎዋ ነበረ

መጋቢት 11 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ከዳባት የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቀው መንደራችን፣ ከበጎች ጉረኖ አጠገብ ካለው ወይራ ሥር የነበርነው እነዚህ ነን፦ የአገር ሽማግሌው አቶ ኪዳነ ማርያም፣ የደብራችን ካህን ቄስ ወልደ ሩፋኤል፣ የተጠረጠረው ውዱ፣ የበግ እረኛው ልደቱ፣ ከእነርሱም ጋር አሥራ ዘጠኝ አባወራዎችና ገና ጎጆ ያልወጣሁት እኔ። የአቶ ኪዳነ ማርያም የእኅት ልጅ የሺወርቅ በስብሰባው መካከል የደረሰችው በአጋጣሚ ነው።

የተሰበሰብነው ለአውጫጭኝ ነበር። ረቡዕ ዕለት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የአቶ ኪዳነ ማርያም ዳማ በቅሎ ከታሰረችበት ተሰርቃለች። ሌባው እስኪታወቅ ድረስ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን ሊናገር፣ ከተቀመጠበትም ላይነሣ፣ እንደ ቆየው ሥርዓት ክብ ሠርተን ተቀምጠናል።

በመንደራችን በግ የሚጠበቀው በአንድነት ነው። ሲመሽ የሁሉም በግ ወደ አንድ የድንጋይ ጉረኖ ይገባል። ባለተራው ቆጣሪ ከጉረኖው ውስጥ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና የሚገቡትን በጎች ጥንድ ጥንዱን ይቆጥራል። አሥር ጥንድ በሞላ ቁጥር አንዲት ጠጠር ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ ያሳልፋል። ቁጥሩ ከጠፋበት በጎቹ ሁሉ ወጥተው እንደገና ይገባሉ። ስለዚህ ቆጣሪን ማንም አያነጋግርም።

ረቡዕ ተራው የውዱ ነበር። በቅሎዋ ከበሩ ማዶ፣ አሥራ አምስት እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ከግንድ ታስራ ነበር። እረኛው ልደቱ የባዘነ ግልገል ፍለጋ ወደ ገደሉ ወርዷል፤ ከታች የነበሩ ሰዎችም አይተውታል። ውዱ ቆጥሮ ጨርሶ ሲነሣ ግንዱ ላይ የቀረው የተቆረጠ ገመድ ብቻ ነው።

«ውዱ፣ ፊትህ ወዴት ነበር?» አሉ አቶ ኪዳነ ማርያም።

«ወደ በሩ ነው፣ አያ።»

«ከበሩ ማዶ ምን ነበር?»

«በቅሎዋ ነበረች።»

«ዓይንህን ታመህ ነበር?»

«ኧረ ደኅና ነኝ።»

«እንግዲያ ገመዱን ማን ቆረጠው?»

«አላየሁም፣ አያ። በጎቹን እየቆጠርሁ ነበር።»

«ስማ፣ ጉድ ስማ! አርባ ሁለት ጥንድ በግ ያየ ዓይን አንዲት በቅሎ ማየት አቃተው!» አሉ ወደ እኛ ዞረው። የሳቅነው ሳቅ የወዳጅ ሳቅ አልነበረም።

ከአባቶቻችን የወረስነው ደንብ «ፊቱ ወደዚያ የነበረ አይቷል» የሚል ነው። ፊቱ ወደዚያ የነበረ ሰው አላየሁም ቢል መሐላው እንኳ ተቀባይ የለውም፤ ወይ ሌባውን ያወጣል፣ ወይ ራሱ ከሌባ ጋር ይቆጠራል። ከሌባ የተቆጠረ ሰው ደግሞ እሳት የሚጭርበት ጎረቤት የለውም። በውዱ ላይ ግን ከዚህ የባሰ ነበር። ያለው አንድ በሬ ነው፤ መቀናጆው የአቶ ኪዳነ ማርያም በሬ ነው። እርሻ የሚጀመረው ሰኞ ነው። አቶ ኪዳነ ማርያም ደግሞ «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ስም ካልጠራህልኝ በሬዬን እነጥላለሁ» ብለውታል። አንድ በሬ ይዞ ማን ያርሳል? አምስት ልጆች ያሉት ሰው ክረምቱን በምን ይዘልቃል?

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እኔም ውዱን አላመንሁትም። እውነቱን ልጻፍ። መሬት መሬት ማየቱን አልወደድሁለትም። ምራቁን ሲውጥ አየሁት። ባለፈው ሳምንት አዲስ የጎማ ጫማ አድርጎ ከደባርቅ መመለሱ ትዝ አለኝ፤ «ከምን አምጥቶ ገዛው?» አልሁ በልቤ። ሰው አንድ ጊዜ ከጠረጠረ የጎረቤቱ ጫማም ይመሰክርለታል።

ነገሩ እዚህ ላይ ሳለ የሺወርቅ ከዋናው መንገድ ሚኒባስ አውርዷት በእግሯ መጣች። ጎንደር ተምራ በዳባት ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ የመጣችው አጎቷን ስለ በቅሎዋ ልታጽናና ነበር። ራቅ ብላ ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ ካዳመጠች በኋላ ተነሥታ እጅ ነሣች።

«አጎቴ፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልናገር።»

«ተናገሪ፣ ልጄ። በጤና ጣቢያ በቅሎም ማከም ጀመራችሁ እንዴ?»

«በቅሎ አላክምም፤ ስለ ዓይን ግን ጥቂት ተምሬያለሁ። ውዱ አላየሁም ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል።»

አቶ ኪዳነ ማርያም ከዘራቸውን ከአንድ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«የዚህ ሰው ሚስት እስከ ዳባት እንቁላል ይዛልሽ አልመጣችም?»

«በጾም እንቁላል ምን ይሠራልኛል፣ አጎቴ?»

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ፈገግ አሉ። «ጉቦውስ ጊዜውን አልጠበቀም። ትናገር፣ አያ ኪዳነ። ሰምተው አለመቀበል አይከለከሉም።»

የሺወርቅም በትሕትና እንዲህ አለች፦ «ዓይን በር ነው፤ ያየነውን የሚለየው ከበሩ ኋላ ያለው አንጎላችን ነው። በዓይን የሚገባው ነገር እጅግ ብዙ ነው፤ ቅጠሉ፣ ድንጋዩ፣ ዝንቡ፣ ሰዉ። አንጎል ሁሉን እኩል ልቀበል ቢል አንዱንም አያደርስም። ስለዚህ የተላከበትን ይይዛል፤ የቀረውን በደጅ ይተወዋል። ዓይኑ እንደ ተከፈተ፣ ፊቱም እንደ ዞረ ነው፤ ያ ነገር ግን ወደ ልብ አይደርስም።»

«ይህ የመጽሐፍ ነገር ነው።»

«የገበያም ነገር ነው እንጂ። ባለቤትዎን እትዬ ወርቄን በዳባት ገበያ ስፈልጋት አረንጓዴ ቀሚሷን እያሰብሁ ነው የምፈልጋት። ያን ጊዜ አረንጓዴ የለበሰ ሁሉ በሩቁ ይታየኛል። ነጭ የለበሰ ወዳጄ ግን ትከሻዬን ታክኮ ያልፍና በማግስቱ ‹ኮራሽብኝ› ይለኛል።»

«ወዳጅሽ እውነቱን ነው፤ ከተማርሽ ወዲህ ኮርተሻል» አሉና ሰው ሁሉ ሳቀ። እርሷም ሳቀች።

ከዚያ ግን አቶ ኪዳነ ማርያም ኮስተር ብለው ቀጠሉ። ያነሡት ነገር ለእኔም ጠንካራ መስሎኝ ነበር። «ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ከብት የጠበቅሁ ሰው ነኝ። ዓይን የሚንቀሳቀስን ነገር ይከተላል። ጢሻ ውስጥ ጅራቷን ያወዛወዘች ቀበሮ ትታያለች፤ ዝም ያለችው ናት የምትሰወር። በቅሎ ተፈትታ፣ ተስባ፣ ከፊቱ ስትሄድ እንዴት ዓይኑን አልነጠቀችውም?»

«መልካም ጥያቄ ነው። ጢሻው ጸጥ ባለበት ጅራቷ ብቻዋን ስትወዛወዝ ዓይን ይነጠቃል። ረቡዕ ግን በበሩ ሰማንያ አራት በግ ይተራመስ ነበር፤ አቧራው፣ ጩኸቱ፣ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ሁሉ በሚንቀሳቀስበት ቦታ አንድ እንቅስቃሴ አይለይም። ደግሞም ውዱ አንጎሉን የላከው በግ እንዲለይለት ነው። በግ ያልሆነውን ሁሉ ‹ይህ አይደለም፣ ይህ አይደለም› እያለ ይጥለዋል። ሥራው በከበደ መጠን የሚጥለው ይበዛል።»

«ቢጥል ቢጥል በቅሎ ይጥላል? በቅሎ እኮ ትልቅ ናት!»

«በሊማሊሞ ሲወርዱ የጭነት መኪና ረዳት ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ለምን እንደሚጮህ አስተውለው ያውቃሉ? ሾፌሩ ዓይኑን ከገደሉ ጠርዝ ላይ ተክሎ ሲጠመዘዝ፣ ከወደ ላይ በሬ ሲወርድ አስቀድሞ የሚያየው ረዳቱ ነው። በሬም ትልቅ ነው፤ የሾፌሩም ዓይን ደኅና ነው።»

«ሾፌሩ እንቅልፋም ቢሆንስ?»

«ሾፌሩ እንቅልፋም ቢሆን ኖሮ መኪናው ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ አይደርስም ነበር።»

አቶ ኪዳነ ማርያም ቆጣ አሉ። «እኔ በዚያ ድንጋይ ላይ ከአንቺ ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን ቆጥሬያለሁ። ስቆጥር በበቅሎዬ ጀርባ ዝንብ ብታርፍ አያለሁ! ሰው የሚያየው ሊያይ ሲወድ ነው። አላየሁም የሚል ማየቱን የማይወድ ነው።»

የሺወርቅ ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች።

«እንግዲያ ዛሬ ማታ ይቁጠሩልን» አለች።

«ምን ልታደርጊ?»

«እርስዎ ቁጥሩ እንዳይጠፋብዎ ብቻ ይጠንቀቁ።»

«ተንኮል ካለ?»

«ቢኖር ያዩታል።»

ሽማግሌው እምቢ ቢሉ ፈሩ ሊባሉ ሆነ። ግን አላመኑም፤ ውዱ ከእጃቸው በማይርቅ ቦታ ከአጠገባቸው እንዲቀመጥ አዘዙ። «ከዚህ ከተንቀሳቀስህ በከዘራዬ አገኝሃለሁ» አሉት። ሌሎቻችን በጉረኖው ግንብ ላይ ተደግፈን ቆምን። የሺወርቅ ከቄስ ወልደ ሩፋኤል ጋር ጥቂት ተንሾካሾከችና ወደ አጎቷ ቤት ሄደች። ምን እንደ ተባባሉ እኛም አላወቅንም። ከዚያ ተመልሳ ከእኛ ጋር ቆመች።

ልደቱም ተነሥቶ ሄዶ በጎቹን ከመስክ እየነዳ መጣ። አቶ ኪዳነ ማርያም ጠጠሮቻቸውን ጨብጠው ከድንጋዩ ላይ ተደላደሉ። በጎቹ ገቡ፤ አቧራው ተነሣ። የሽማግሌው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ አንዲት ጠጠር አለፈች፤ ሁለተኛዪቱም አለፈች። ከሃያኛው ጥንድ በኋላ በበሩ ማዶ የእርሳቸው ባለቤት እትዬ ወርቄ የቄስ ወልደ ሩፋኤልን ጥቁር በቅሎ እየሳበች ከግራ በኩል ብቅ አለች። እኔ ስለማልቆጥር አየኋት። ሳትቸኩል መጣች። ከበሩ ፊት ለፊት ስትደርስ ቆመች፤ ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ደግማ ጣለችው። በቅሎዋም ጭራዋን አነሣችና እዚያው የምትጥለውን ጣለች። ከዚያ ሁለቱም በቀኝ በኩል ሄዱ።

እንዳለው የሚባለው ጎረቤታችን ሳቁን ሊይዝ አፉን በጋቢው ቢያፍን ድምፁ አመለጠው።

«ጸጥ!» አሉ አቶ ኪዳነ ማርያም ዓይናቸውን ሳያነሡ። አራተኛዪቱ ጠጠር አለፈች። «አርባ ሁለት ጥንድ! አንዲትም አልጎደለች። ሦስቱ አንክሰው ገብተዋል፤ የእንዳለው ጥቁሯ በግ የኋላ እግሯን ታማለች፤ ነገ ትታይ።»

«እግሯንም አይተዋል?» አለች የሺወርቅ።

«አላልሁሽም?»

«ሌላስ ምን አዩ?»

«ሌላ ምን አለ?»

«ሰው አላለፈም?»

«ልደቱ ነዋ፣ ከኋላ።»

«በቅሎስ?»

«በቅሎዬ ተሰርቃ የየትኛዋን በቅሎ ነው የምትጠይቂኝ?»

ግንቡ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ ማለት ይቻላል። አቶ ኪዳነ ማርያም እንደ ተዘባበትንባቸው ዐወቁ፤ በምን እንደ ሆነ ግን አላወቁም። ነገሩን ስንነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ተማክራችኋል!» አሉ። «ሁላችሁም በአንድ አፍ ተማክራችሁ ልታሳብዱኝ ነው። ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው ከዚህ ሰው ጋር የምትመክሩት?»

«እኔ የማንም መካሪ አይደለሁም» አሉ ቄሱ። «በቅሎዋ የእኔ ናት፤ ስታልፍ አይቻለሁ።»

«አባ፣ አንቱም?»

ቄሱ በእጃቸው ብቻ ወደ በሩ ማዶ አመለከቱ። አቶ ኪዳነ ማርያም ተነሥተው ወጡ። ከበሩ ስድስት እርምጃ ላይ ፋንድያው በምሽቱ ብርድ ውስጥ ይጨሳል። በከዘራቸው ነካ አደረጉት። ከእርሱ ወዲያና ወዲህ የበቅሎ ኮቴ፣ ከኮቴውም ጎን የሴት እግር ዱካ ነበር። ያን ዱካ ጎንበስ ብለው ለብዙ ጊዜ አዩት።

እትዬ ወርቄ ከቤቱ ጥግ መጣች። «አንቱ ሰውዬ፣ ቆሜ አየሁዎ እኮ! ዓይን ለዓይን ተያየን ብዬ ፈርቼ ነበር። አርባ ዓመት የኖርሁ ሚስት ከአንድ አንካሳ በግ አንሼ ቀረሁ?»

ማንም አልሳቀም። ሁላችን ቀጥሎ የሚመጣውን ዐውቀነው ነበርና። የተናገረው እንዳለው ነው፤ በቀስታ ነው የተናገረው።

«ፊትዎ ወዴት ነበር፣ አያ?»

አቶ ኪዳነ ማርያም ውዱን አዩት። ውዱ ከተቀመጠበት አልተነሣም ነበር፤ ቀና ብሎም አላያቸውም።

«ወደ በሩ» አሉ ሽማግሌው።

በደንቡ መሠረት ዋሽተዋል ማለት ነው። ያለፈው ሰው ሌባ ቢሆን ኖሮ እርሳቸው ተባባሪ ነበሩ። ይህን ለመናገር ግን የደፈረ አልነበረም፤ አያስፈልግምም።

ተመልሰን ከወይራው ሥር ተቀመጥን። አቶ ኪዳነ ማርያም «ይህ እኮ ውዱን ንጹሕ አያደርገውም» አሉ። «እኔ አላየሁም ማለት እርሱ አላየም ማለት አይደለም።»

«እውነትዎን ነው» አለች የሺወርቅ። «አንዳንዱ ሰው ያያል፤ አንዳንዱ አያይም፤ ያው ሰውም አንድ ቀን አይቶ ሌላ ቀን ያጣል። ውዱ አይቶ ደብቆም ይሆናል፤ እኔ አላውቅም። የምለው አንድ ነገር ነው። ፊቱ ወደዚያ ነበር ብሎ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ሌላ ነገር ካላችሁ አምጡበት፤ ከሌላችሁ ግን የሰው በሬ አትፍቱ።»

ቄስ ወልደ ሩፋኤልም ጢማቸውን እየዳሰሱ ተናገሩ። «እኔ ከዛሬ በፊት ያላሰብሁት አንድ ነገር አለ። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ብሎ ያዝዛል። ሁላችን ግን ቀድሞውንም ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አድርገን ቆመናል። ፊት ማዞር ማየት ቢሆን ኖሮ ትእዛዙ ለምን ያስፈልጋል? አባቶች ፊትና ልብ እየቅል እንደሚሄዱ ዐውቀው ነበር። እኛ ግን ለጸሎት የምናውቀውን ለፍርድ ረሳነው።»

አቶ ኪዳነ ማርያም ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ውዱ ዞሩ።

«ውዱ።»

«አቤት፣ አያ።»

«እውነቱን ልንገርህ፤ ልቤ አሁንም አላረፈም። ይሁን እንጂ ሌባ ያልሁህ በዓይኔ ተመክቼ ነው። ዓይኔ ደግሞ ሚስቴን አላየም።»

«እኔም እኮ ራሴን ጠርጥሬ ነበር» አለ ውዱ፤ ያን ቀን ከጥያቄ መልስ ውጭ የተናገረው ይህን ብቻ ነው። «ሦስት ሌሊት ሙሉ ያን ግንድ ሳስታውስ አደርሁ። ግንዱ ትዝ ይለኛል፤ በቅሎዋ ትዝ አትለኝም። አብጄ ይሆን አልሁ።»

«አላበድህም» አለችው የሺወርቅ። «ሥራህን ሠርተሃል።»

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ስለ ሌባው መሆኑ ቀርቶ ስለ አቆጣጠራችን ሆነ። የሺወርቅ አንድ አንጎል ለሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ አይበቃም አለችን፤ ሁለቱን ሥራ ለሁለት ሰው መስጠት ነው መፍትሔው። አንዱ ይቁጠር፤ ሌላው በግ ሳይቆጥር ዙሪያውን ይይ። የሚያየውም ሰው ቁጥር አይጠየቅ፤ ከተጠየቀ እርሱም ማየቱን ይተዋልና። ሸክም የተሸከመ ሰው እግር እግሩን እያየ መኪና መንገድ ሲሻገር፣ ሸክም የሌለው ቀድሞ ይሂድለት። ከእግሯ እሾህ የምታወጣ እናት ልጇ ከምድጃው አጠገብ ከሆነ አስቀድማ ሰው ትጥራ። «አየዋለሁ» ብላ አትታመን፤ እሾሁን እስክታገኝ ድረስ ልጁ ለእርሷ የለም።

እኔም ይህን የጻፍሁት ስለዚህ ነው። ያላየ ሰው ሁሉ ደባቂ አይደለም። ጎረቤታችንን ከመጠርጠራችን በፊት እኛ በእርሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በእርሱ ሥራ ተጠምደን ቢሆን ምን እናይ እንደ ነበር እንጠይቅ። ይህን ብናደርግ ሌባው በእኛ ጠብ መካከል አያመልጥም፤ የመንደር ሰላም ይጸናል፤ በሬም ከመቀናጆው አይለይም።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ኪዳነ ማርያም «ፊቱ ወደዚያ የነበረ አይቷል» የሚለው ደንብ በመንደራችን እንዲቀር በጉባኤው ፊት ተናገሩ፤ ቄስ ወልደ ሩፋኤልም ባረኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉረኖው ላይ ሁለት ሰው ይቀመጣል። በቅሎዋ አልተገኘችም፤ ሌባውም አልታወቀም። ሰኞ መጋቢት 13 ቀን ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው እስከ ቀትር የውዱን እርሻ አረሱ፤ ከቀትር በኋላ የአቶ ኪዳነ ማርያምን ጀመሩ።